«እኔ ነኝ» ያላለችው ሮማነወርቅ

መምህርት ሮማነወርቅ ሥዕል አትችልም ነበር። ይህን የምለው ለሐሜት አይደለም፤ ለሐሜት ቢሆን ከዚህ የተሻለ ብዙ አለኝ። ፈረስ ስትስል ፍየል ይወጣታል፤ ፍየል ስትስል ደግሞ ልጆቹ «ቲቸር፣ ይሄ ወንበር ነው?» ይሏታል። በደርግ ጊዜ ናዝሬት ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ማዶ ባለ አንድ ትምህርት ቤት የሥዕል መምህርት የሆነችው፣ ክፍለ ጊዜ በተደለደለበት ስብሰባ ላይ አርፍዳ ስለደረሰች ብቻ ነው። የተሳፈረችበት ጋሪ ጎማው ፈንድቶ። ሌሎቹ ሒሳቡንም ሳይንሱንም ተቀራምተው፣ የዓርብ ከሰዓት ሥዕል ብቻ ተርፎ ጠበቃት።

ወረቀት የለም፣ ቀለም የለም። የሲሚንቶ ከረጢት አራግፋ ቀደደች፤ ከጎረቤት ምድጃ ከሰል ለመነች። አራተኛ ክፍል ግን ከመሳል ይልቅ መደባደብ ይወድ ነበር። አንድ ዓርብ ጉደታና ሙሉብርሃን የሚባሉ ልጆች በአንድ ብይ ተያይዘው አቧራ ለአቧራ ሲንከባለሉ፣ በጆሮአቸው ጎትታ ፊት ለፊት አስቀመጠቻቸው።

«በሉ ተሳሳሉ! የተሳለው አይቶ ‹እኔ ነኝ› እስኪል ጣጣው አያልቅም።»

ጉደታ ለሙሉብርሃን ሁለት ቀንድ አበቀለለት።

«እኔ አይደለሁም!» አለ ሙሉብርሃን።

ቀንዱ ተፋቀና የዝንጀሮ አፍ መጣ። «እኔ አይደለሁም!» አለ ሙሉብርሃን እንደገና። ጉደታ በንዴት ቀና ብሎ፣ ገና ያኔ የልጁን ፊት አየ።

«ቅንድብህ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«ከጋሪ ወድቄ።»

«አመመህ?»

«በጣም። አልቅሻለሁ። ለማንም እንዳትናገር።»

ክፍሉ በሙሉ ሰማ፤ ማንም ግን አልሳቀም። ጉደታ ጠባሳዋን ተጠንቅቆ ሳላት። ሙሉብርሃንም «እኔ ነኝ» አለ። ብዩን ሁለቱም ረስተውት፣ በቀማቻቸው በሮማነወርቅ ኪስ ውስጥ ቀረ።

ከዚያ ወዲያ የተጣላ ሁሉ ይሳሳል ጀመር፤ ቡጢውም እየቀነሰ ሄደ። ወሬው ቦኖ ውሃ ወረፋ ላይ ደርሶ፣ እናቶች በባልዲ ተራ ሲጨቃጨቁ «ዋ! እስልሻለሁ!» ይባባሉ ነበር።

ዳይሬክተሩን ጓድ አብተውን ግን ይህ አላሳቃቸውም። ሰልፍ የሚወዱ ሰው ናቸው፤ ሽንት ቤት እንኳ ሲሄዱ እርምጃቸው የወታደር ነው። አንድ ቀን ፊሽካቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ክፍል ገቡ።

«ጓዲት ሮማነወርቅ፣ ይህ ክፍለ ጊዜ ከዛሬ ጀምሮ ለወዛደሮች ቀን ሰልፍ ልምምድ ሆኗል። ሥዕል አብዮቱን አንድ እርምጃ አያራምድም።»

ሮማነወርቅ ዞራ ልጆቹን አየች። ዓርብ ከሄደ ልጆቹ ወደ ቡጢያቸው ይመለሳሉ። በዚያ ዘመን ደግሞ ስብሰባ ሁሉ፣ የዕድር እንኳ ሳይቀር፣ ያለ ሂስና ግለሂስ አይዘጋም ነበር።

«ጓድ፣ ይሄ ሥዕል መቼ ሆነና! ሂስና ግለሂስ እኮ ነው። በከሰል የሚደረግ።»

«እየቀለዱብኝ ነው?»

«ምን ያስጮኽዎታል?»

«እኔ አልጮኽኩም!» ብለው ጮኹ።

የክፍሉ ትንሿ ልጅ ኢፍቱ ሁለት ወረቀትና ሁለት ከሰል ይዛ ተነሣች። «ጋሼ፣ የተጣላ ይሳሳላል። ሕግ ነው።»

ጓድ አብተው በሩን አዩት። «ዳይሬክተሩ ከሂስ ሸሹ» ተብሎ ማታ ቦኖው ጋ ሲወራ ታያቸው። ተቀመጡ።

የሮማነወርቅ ሥዕል እንደ ልማዷ ፍየል ሆኖ ወጣ። ዳይሬክተሩ ቶሎ ለመገላገል ሳያዩት «እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ!» አሉ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እሷ ግን የሳቸውን ሥዕል አገላብጣ አየችው።

«ጓድ፣ ይህ የፓፓያ ዛፍ ነው። እኔ አይደለሁም።»

ደወል ተደወለ፤ ሂሱ ለሚቀጥለው ዓርብ ተላለፈ። ሮማነወርቅ ያኔ ነው የገባት፦ «እኔ ነኝ» እስካላለች ድረስ ዓርብን የሚነካባት የለም።

በሚቀጥለው ዓርብ በዳይሬክተሩ ሥዕል ላይ አንገት የሌላት ሆና ወጣች፤ ከዚያ በኋላ ባለ ሦስት ቅንድብ። አንድ ቀን ግን ጓድ አብተው ከሰሉን እንደያዙ ቆዩ።

«ዓይንሽ ለምን ቀላ?» አሉ፤ አንቱታውን ረስተውት።

«ታናሽ ወንድሜ... ለብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ወዲህ ድምፁ ጠፋ።»

«የኔም ልጅ እዚያው ነው።»

ዓመት ሙሉ በአንድ ግቢ «ትቅደም!» ሲባባሉ ኖረው አንዳቸው የሌላውን አያውቁም ነበር። የዳይሬክተሩ ከሰል እጃቸው ላይ ተሰበረ። ጉደታ ሄዶ የራሱን ሰጣቸው።

ከዚያ በኋላ ሥዕሉ መምሰል ጀመረ። አደጋው ይኸው! የወዛደሮች ቀን ሲቃረብ ወረቀቱን ዘረጉት። ፍንጭት ጥርሷ፣ ሁልጊዜ የሚንሸራተት ሻሿ፣ ያ የቀላ ዓይኗ፤ ራሷ ናት። ልጆቹ ከየቦታቸው ተነሥተው ወረቀቱን ከበቡት። ሮማነወርቅ እንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠረገች።

«ግሩም ነው፣ ጓድ። ግን አፍንጫው...»

«አፍንጫው ምን ሆነ?»

«የኔ ትንሽ ያንሳል።»

ዓይን ያወጣ ውሸት! የሮማነወርቅ አፍንጫ ከባቡር ጣቢያው ሆነው ይታያል። ጓድ አብተው አፍንጫዋን አዩ፤ ልጆቹን አዩ፤ ፊሽካቸውን ከአንገታቸው አውልቀው ኪሳቸው ከተቱ።

«ሂስ ነው፤ ተቀብያለሁ። ዓርብ አፍንጫውን እናስተካክላለን።»

«ሰልፉስ፣ ጋሼ?» አለች ኢፍቱ።

«ሰልፉን በጠዋት እንለማመዳለን። ሰው በሰው አፍንጫ ይኑር እንዴ?»