የሠላሳ ቀን ቁልፍ

ሥራዬን ለሰው ማስረዳት ከተውኩ ቆይቻለሁ። ሆጤ ሰፈር የተከራየሁባት ግቢ ጎረቤቶች ቀኑን ሙሉ በሩን ዘግቶ የሚውል ሥራ ፈት አድርገው ነው የሚያዩኝ፤ አልፈርድባቸውም። ጠበቅ አድርጎ የሚጠይቀኝ ሲመጣ "ገልባጭ ነኝ" እላለሁ። እውነትም ከዚያ አያልፍም። የሰዎችን መዝገብ መጠባበቂያ ቅጂ፣ ባክአፕ የሚሉትን፣ ክላውድ በሚባለው የኢንተርኔት ማከማቻ ላይ ከአንዱ አካውንት ወደ ሌላው፣ ከአንዱ አገር ኮምፒውተር ወደ ሌላው አገር ኮምፒውተር እገለብጣለሁ። አንዱ ቢጠፋ ሌላው እንዲተርፍ ነው።

ድሮ ሁለት ነበርን። ጓደኛዬና እኔ አንድ ክፍል ተምረን፣ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ጎን ለጎን ቆመን፣ ኋላም በአንድ ጠረጴዛ ሠርተናል። የክላውዱ አካውንት በእሱ ስም ነበር፤ ያንተ የኔ ስለማንባባል በማን ስም እንደሆነ ትዝ ብሎኝ አያውቅም። አንድ ቀን መጥቶ አዲስ አበባ ሥራ ማግኘቱን ነገረኝ። ካገኘ ሁለት ወር ሆኖታል፤ የሚሄደው በማግስቱ ነው። "እንዳትከፋ ብዬ ነው የደበቅኩህ" አለኝ። ሁለት ወር ሙሉ እየሳቀ አብሮኝ ምሳ በልቷል! "በሰላም ግባ" እንኳን ሳልለው ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ ከተጻጻፍን ለሥራ ብቻ ነው።

ከቀሩኝ ደንበኞች አንዷ ኮምቦልቻ የእናቶችና የሕፃናት ክሊኒክ ያላቸው ሲስተር ናቸው፤ ዕድሜያቸው የገፋ ነርስ። በጦርነቱ ጊዜ የካርድ ክፍላቸው ባዶውን ቀርቶ ነበር። ከሸሹበት ሲመለሱ እያንዳንዷን እናት አጠገባቸው አስቀምጠው እንደ አዲስ ጠየቁ፤ ስንት ወለድሽ፣ የትኛው መድኃኒት አልስማማ አለሽ፣ ስትወልጂ ደም ፈሶሽ ነበር? ከሐርቡም ከቢስቲማም የመጡ ሴቶች ከትዝታቸው የነገሯቸውን አንድ በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ አስገቡት። "ይኼን ጥያቄ ዳግመኛ ለመጠየቅ ዕድሜ የለኝም ልጄ" ብለውኛል። "አደራህን፣ አንድ ቦታ ብቻ እንዳታስቀምጥብኝ።"

ክሊኒኩ ለእድሳት ተዘግቶ፣ አሮጌው ኮምፒውተር ተወግዶ መዝገቡ ባክአፑ ላይ ብቻ በቀረበት ወር ከጓደኛዬ መልእክት መጣ፤ "አካውንቱን ልዘጋው ነው። የሲስተርን ውሰድ።" ሰላምታ የለውም። ባክአፑን ወደ ራሴ አካውንት ገለበጥኩና አንዱን ቅጂ ደቡብ አፍሪካ፣ ሌላውን አውሮፓ አስቀመጥኩ። ሁለቱም ላይ "ተጠናቋል" የሚል መጣ። "ወስጃለሁ" ብዬ ጻፍኩለት፤ እኔም ሰላምታ አልጨመርኩም። ድሮ አንዳችን የገለበጥነውን ሌላችን ከፍተን ሳናይ ሥራው አልቋል አንልም ነበር። የምገለብጠው እኔ፣ የሚከፍተው እሱ ነበር። አሁን የሚከፍት ስላልነበረ ሳይከፈት ቀረ።

ሲስተር ደውለው "ሰኞ እንከፍታለን፣ አዘጋጅልኝ" ሲሉኝ ዕለቱ ማክሰኞ ነበር። ወዲያው ልከፍተው ሞከርኩ፤ እምቢ አለ። ፋይሎቹ የተቆለፉት ጓደኛዬ አካውንት ውስጥ ባለ ቁልፍ ነው። ሣጥኑን ተሸክሜ ሁለት አገር አድርሻለሁ፣ ቁልፉን እዚያው ትቼ። ይባስ ብሎ ቁልፉ እንዲጠፋ መታዘዙንና ቀኑን እየጠበቀ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ መጣ። እንዲህ ያለ ቁልፍ ወዲያው አይጠፋም። ባለቤቱ ከሰባት እስከ ሠላሳ ቀን ይቆርጥለታል፤ ቀኑ ሳይደርስ ሐሳቡን ከቀየረ ይመልሰዋል፣ ካለፈ ግን የሚመልሰው የለም። ስንት ቀን እንደቆረጠለት የሚያውቀው ጓደኛዬ ብቻ ነው።

መደወል ነበረብኝ። አልደወልኩም። ነገ እደውላለሁ እያልኩ በየሰዓቱ ያንን ጽሑፍ እከፍታለሁ፤ "እየጠበቀ ነው" ካለ እፎይ እላለሁ። ሲስተር ሲጠይቁኝ "ትንሽ ይቀረዋል" እላለሁ። ክፉ ወሬ በስልክ አይነገርም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። በአገራችን መርዶ የሚነገረው ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ተይዞ፣ በማለዳ ነው። እኔ ግን የምሰበስበው ሰው አልነበረኝም። አራት ቀን ሙሉ ከሲስተር ስልክና ከጎረቤት "እንዴት አደርክ" በቀር ከሰው አፍ ቃል አልሰማሁም።

ቅዳሜ በማለዳ ሚኒባስ ተሳፍሬ የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ሲስተር ቀለም ገና በሚሸተው የካርድ ክፍል ካርቶን ሲፈቱ አገኘኋቸው። ደጃፉ ላይ ሲያዩኝ እጃቸው ቆመ።

"ማን ሞተ?" አሉኝ።

"ማንም አልሞተም ሲስተር" አልኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። ካርቶኑ ላይ ቁጭ አሉ።

"ቁልፉ ጠፍቷል?"

"ጠዋት ሳየው ገና ነበር።"

"መቼ ነው ያወቅከው?"

"ማክሰኞ።"

"ያ ረቢ!" አሉ። "መርዶ እኮ ለሞተ ነው ልጄ። ይኼ በሽተኛ ነው። በሽተኛ ይዘህ አራት ቀን ቁጭ አልክ? በል ደውልለት። እዚሁ፣ እፊቴ።"

ገና አንዴ ሳይጠራ አነሣው። ሰላም ሳልለው ነገሩን በአንድ ትንፋሽ ጨረስኩት። የኪቦርድ ድምፅ ተሰማኝ፣ ከዚያ "መልሼዋለሁ፤ ሞክረው" አለ። ላፕቶፑን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ሞከርኩት። የመጀመሪያዋ እናት ካርድ ወጣ፤ ከሐርቡ፣ አራተኛ እርግዝና። ሲስተር "አልሐምዱሊላህ" አሉና ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ።

"ስንት ቀን ቀርቶት ነበር?" አልኩት።

"ሁለት" አለኝ። "የጎደለ ነገር ካለ ትደውላለህ ብዬ ሠላሳውን ነው የሰጠሁት። ሃያ ስምንት ቀን ስልኬን ሳይ ነው የከረምኩት።"

ላፕቶፑን ከደንኩት። "ሌላ የጎደለህ ነገር አለ?" አለኝ።

ነበረ። ከሄደ ጀምሮ ምሳ የምበላው ቆሜ ነው። "የለም፣ ይኸው ነው" አልኩት። ሲስተር በእጃቸው ሰላም በልልኝ አሉኝ። "ሲስተር ሰላም ብለውሃል" አልኩት። የራሴን አላልኩም።

"እሳቸውንም ሰላም በልልኝ" አለና ዘጋው።

"አብሽር ልጄ፣ አለፈ" አሉኝ ሲስተር። ያለፈው የእሳቸው ነው።

ከሰዓት ሆጤ ተመልሼ ሁሉንም በራሴ ቁልፍ እንደገና ቆለፍኩ፤ ወደ ሁለቱም አገር ገለበጥኩ፤ ሁለቱንም ራሴው ከፍቼ አየሁ። አንድም ካርድ አልጎደለም። ክሊኒኩም ሰኞ ተከፈተ። አሁን የሚቀረው ለጓደኛዬ "ጨርሻለሁ፣ ዝጋው" ብሎ መጻፍ ብቻ ነው። እስከ ዛሬ አልጻፍኩለትም። እሱም አልጠየቀኝም፣ አካውንቱንም አልዘጋውም።