የጉልቷ ተማሪ

ልጄ ሀያት ከአቮካዶ ዛፍ ላይ የወደቀችው ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ነው። መቱ ውስጥ አቮካዶ የሌለው ጓሮ ማግኘት ያስቸግራል፤ በክረምት ደግሞ ግንዱ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ጭኗ ተሰበረ። ከወገቧ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጀሶ ሲታሰርላት የአንደኛ ክፍል ዩኒፎርሟ ተሰፍቶ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር።

ጀሶው ተፈትቶ ሲታይ አጥንቱ በደንብ አልገጠመም፤ እንደገና ታሰረ። ሐኪሙ «ዘንድሮ ትምህርት የሚባለውን እርሺው» አለኝ። ለእኔ እንኳ ትምህርት መርሳት አዲስ አይደለም። አምስተኛ ክፍል ሳለሁ እናቴ ታመመች፤ ቤቱን የሚይዝ ሰው ጠፋና እኔ ያዝኩት። «ለጊዜው ነው» ተብዬ ነበር። ያ ጊዜ እስከ ዛሬ አላለቀም፤ እኔም መጠበቁን ከተውኩ ቆይቻለሁ። ለልጄ ግን «ለጊዜው ነው» ልላት ብል አፌ እምቢ አለኝ።

ባለቤቴ መሀመድ ሰዒድ ከመቱ ወደ ኡካ ከተማ ሚኒባስ ይነዳል፤ ማለዳ ወጥቶ የሚገባው ማታ ነው። ቤት ሆኜ ላስተምራት ነው ስለው ሳቀ።

«አንቺ? በየትኛው ትምህርትሽ?»

«በአምስተኛው። እሷ ገና አንደኛ ናት፤ አራት ክፍል እበልጣታለሁ።»

የምተዳደረው በራችን ላይ ባለው ጉልት ነው፤ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ በመደብ በመደብ አድርጌ እሸጣለሁ። ሀያትን በአግዳሚ ወንበር ላይ አስተኝቼ ከጎኔ፣ ከሸራው ሥር አደረግኋት። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መከራ ነበሩ። አንድ ፊደል ሳሳያት ገበያተኛ ይመጣል፤ ገበያተኛውን ስሸኝ ሽሮው ያርራል፤ ሽሮውን ሳወርድ ዝናቡ የታጠበ ልብስ ያበሰብሳል። ስመለስ ልጅቷን እንቅልፍ ወስዷታል። አንድ ቀን ተስፋ ቆርጬ አጠገቧ ተቀመጥኩና በከሰል ቁራጭ ጀሶዋ ላይ አንድ ቁቤ፣ የኦሮምኛውን ፊደል፣ ጻፍኩላት። ዓይኗ በራ። ለካ እግሯ ላይ ያለውን ፊደል ልትረሳው ብትፈልግም አትችልም! ከዚያ በኋላ በየቀኑ አንድ ትጠይቀኛለች። ጭኗ ሲሞላ ወደ ጉልበቷ፣ ጉልበቷ ሲሞላ ወደ ባቷ ወረድን።

ከእኔ ቀጥላ ጎደሬና ሙዝ የምትሸጠው እትዬ ምንዳዬ አላስቀመጠችንም።

«መምህርት ሰዒዳ፣ ደወሉ መቼ ነው? እኔም ልመዘገብ አስቤያለሁ።»

«ዕድሜዎ አልፏል እትዬ።»

«ማን ለራሴ አለ? ጎደሬዬን ነው የማስመዘግበው፤ እሱ ገና ልጅ ነው!»

ሀያት ሳቋን መያዝ ሲያቅታት ጀሶው ከአግዳሚው ጋር ይንኳኳ ነበር።

ሒሳቡን ያስተማርኳት በሽያጭ ነው። «ለኦሊ እናት ሦስትና ሁለት ቲማቲም ስጪ፤ ስንት ወሰደች?» እላታለሁ። በእጇ እየቆጠረች በፌስታል ታስገባለች፤ የወሰዱትንም፣ መደቡ ላይ የቀረውንም ትነግረኛለች። ስታስተካክል «ጎሽ!» እላለሁ፤ ስትስት እንደገና አስቆጥራታለሁ። ዓመቱ ሳይጋመስ ከእኔ ፈጠነች። ደንበኞቼ እኔን ትተው ከእሷ መግዛት ጀመሩ።

ጀሶው በመጨረሻ የተፈታ ቀን ነርሷ ገለኔ መቀሱን ይዛ ቆመች። «ይሄ እግር ነው ደብተር?» አለችና ከጭኗ ጀምራ ጮክ ብላ አነበበችው። አንዱ ፊደል ላይ ስትደርስ ሀያት አቋረጠቻት፦ «እሱ ተገልብጦ ነው፤ እማ ቸኩላ ነው።» ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ሳቀ። እኔ ዓይኔን በነጠላዬ ጠረግሁ።

በአዲሱ ዓመት ይዣት ትምህርት ቤት ሄድኩ። በምርኩዝ እያነከሰች ነው የምትራመደው። የሰፈር እኩዮቿ ሁሉ ሁለተኛ ክፍል ገብተዋል። ወደ ኋላ የቀረ ልጅ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ፤ መጀመሪያ ያፍራል፣ ቀጥሎ ይሰለቻል፣ ከዚያ አንድ ቀን ቤት ውስጥ ሥራ ይገኝለታል። መምህር ሁንዴሳ የሚባሉት ፈታኝ በትህትና ተቀበሉኝ፤ ነገሩን ግን አልሸፋፈኑልኝም።

«እትዬ ሰዒዳ፣ አንደኛን ያልተማረች ልጅ ሁለተኛ አናስገባም። ቤት ተምራለች ካሉ እፈትናታለሁ። ካላለፈች ግን ከትንንሾቹ ጋር ነው የምትቀመጠው።»

«ይፈትኗት።»

ንባቡን እንደ ውሃ ጠጣችው። በኦሮምኛ ስታነብ መምህሩ ቅንድባቸውን አነሱ። ወደ ሒሳቡ ዞሩ።

«አምስትና አምስት?»

«ኩዳ ቶኮ» አለች፤ አስራ አንድ ማለቷ ነው። 

«ሦስትና ሁለት?»

«ስድስት።»

«እሺ፣ ከአስር ላይ ሦስት ብናነሳ?»

«ስድስት።»

መምህሩ እርሳሳቸውን አስቀመጡ። እኔ በሩ ጋ ቆሜያለሁ። ዓመት ሙሉ የለፋሁት ለዚህ ነው? ሀያት ግን አንገቷን አልደፋችም፤ ትክክል እንደሆነች ሰው ቀጥ ብላ ታያቸዋለች። እሳቸውም ይሄን አዩ መሰለኝ፣ ቶሎ አላሰናበቷትም።

«ስትደምሪ አንድ ታበዢያለሽ፣ ስትቀንሺ አንድ ታጎድያለሽ። ለምንድን ነው የኔ ልጅ?»

«ምርቃቷስ?» አለች ሀያት፣ በእሳቸው እየተገረመች።

«የምን ምርቃት?»

«አምስትና አምስት የገዛ ሰው አንድ ምርቃት ይሰጠዋላ! ባዶውን ይሸኛል እንዴ? ከአስሩም ሦስት ከሸጥኩ ምርቃቷ ስትወጣ ስድስት ነው የሚቀረኝ።»

በእኛ ጉልት ምርቃት ሳይጨመርለት የሚሄድ ገበያተኛ የለም፤ ብትረሺው እንኳ «ምርቃቷስ?» ብሎ እጁን ይዘረጋል። እኔም ዓመት ሙሉ ስድስት ስትለኝ ፌስታሉ ውስጥ ያለውን አይቼ «ጎሽ» ስላት ኖሬያለሁ። መምህር ሁንዴሳ ወንበራቸው ላይ ወደ ኋላ ተለጥጠው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

«እሺ፣ ስሚኝ። እዚህ ትምህርት ቤት ምርቃት የለም። ስስታም ነን። አሁንስ አምስትና አምስት?»

«ያለ ምርቃት?»

«ያለ ምርቃት።»

«አስር።» ፊቷን ትንሽ አኮማተረች። የቀረውን ሁሉ ሳታስብ መለሰች። ከሁለተኛ ክፍል መጽሐፍ ላይ ሳይቀር ጠየቋት፤ አንዱንም አልሳተችም። ወረቀቱ ላይ ፈረሙና ወደ እኔ ዞሩ።

«ሁለተኛ ክፍል ትገባለች። ማን ነው ያስተማራት?»

«እኔ ነኝ» አልኩ። ስለ ራሴ እንዲህ አፌን ሞልቼ የተናገርኩበትን ሌላ ቀን አላስታውስም።

ዛሬም የቤቱ ሥራ ያው ነው፤ ሽሮውም ያርራል፣ ወገቤም ያመኛል። ሀያት ግን ጠዋት ከእኩዮቿ ጋር እያነከሰች ትሄዳለች፤ ከሰዓት ጉልቱን ትይዝልኛለች። በቀደም መምህር ሁንዴሳ ወደ ቤታቸው ሲያልፉ ቲማቲም ጠየቋት። አምስት ቆጥራ በፌስታል አቀበለቻቸው። እሳቸው እጃቸውን እንደ ዘረጉ ቆሙ።

«ሀያት፣ ምርቃቷስ?»

«እናንተ ጋ ምርቃት የለም አላላችሁኝም?»

እትዬ ምንዳዬ ከሙዟ ጀርባ ሆና በእልልታ አቀለጠችው።