የዓርብ ዝናብ

የሐምሌ ዝናብ የቤቴን ቆርቆሮ መደብደብ ሲጀምር ሥራዬን አቆምና አዳምጣለሁ። ይበረታል፣ ይላላል፣ ያባራ መስሎ እንደገና ይመጣል። ጎረቤቴ «ምነው አንቺ፣ ዝናብ ሰምተሽ አታውቂም?» እያለች ትስቅብኛለች። ትሳቅ። እኔ በዝናብ ዋሽቼ የተያዝሁ ሰው ነኝ፤ ለእሷ አልነገርኋትም፣ ለእናንተ ልንገራችሁ።

ሃያ ዓመቴ ነበር። ሰኔ መጨረሻ ላይ ወደ አንድ የዓረብ ከተማ ለሥራ ስሄድ አባቴ እርሻቸውን ትተው ከመንደራችን ከአማኑኤል እስከ ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ሸኙኝ። ከዚያ አገር የተመለሰች የሰፈራችን ልጅ «እዚያ በሐምሌ ጠብታ አይወርድም፣ ሰማዩ ነው የሚነደው» ብላ አስፈራርታቸዋለች። ለአባቴ ደግሞ በሐምሌ የማይዘንብበት አገር እግዜር የተቆጣው አገር ነው።

«አትችይውም፣ ልጄ» አሉኝ አውቶቡሱ አጠገብ ቆመው። «ሙቀቱ ከጠናብሽ ንገሪኝ። አንዱን በሬ ሸጬ አስመጣሻለሁ።»

ተናደድሁ። አትችይውም! እኔን! ወገቤ እስኪቆረጥ የጤፍ አረም ስነቅል ያደግሁትን! ደግሞስ ያሏቸው ሁለት በሬ፤ በአንድ በሬ ማን ያርሳል? «ውሸቷን ነው አባዬ፣ እዚያም ይዘንባል» ብያቸው ተሳፈርሁ።

ውሸቷን አልነበረም። ገና በማለዳ በር ስከፍት፣ የሚፈላ ድስት ክዳን የተነሣ ያህል እንፋሎቱ ፊቴን ይመታው ነበር። መነጽር ያደረጉ ሰዎች ከቀዝቃዛው ሱቅ ሲወጡ መነጽራቸውን ጉም ይሸፍነውና እንደ ዕውር ቆመው ይጠርጉታል። እኔ የምሠራው ልብስ መተኮሻ ቤት ነው። ውጭው ሲነድ፣ እኔ ውስጥ ካውያ ይዤ ቆሜያለሁ። የዚያ ቤት ሽታ፣ የእንፋሎትና የጋለ ጥጥ ሽታ፣ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ። አንድ ቀን ዓይኔ ጨልሞ ወለሉ ላይ ተቀመጥሁ። ኃላፊው መጥቶ «ካልቻልሽ አገርሽ ግቢ» አለኝ። ምን ሲደረግ! ግድግዳውን ይዤ ተነሥቼ ሸሚዙን ጨረስሁት፤ እንዲያውም አንገትጌውን ሁለቴ ተኮስሁለት።

ዕረፍቴ ዓርብ ነበር። በመጀመሪያው ዓርብ ደወልሁ። አባቴ ኔትወርክ ፍለጋ ከቤታችን በላይ ካለው ጉብታ ወጥተዋል፤ ጃንጥላቸውን የሚመታው ዝናብ ይሰማኛል። ገና ሰላም ሳንባባል «ዘነበ ወይ?» አሉኝ።

በሬው ታየኝ። ስልኩን እንደያዝሁ መታጠቢያ ቤት ገባሁና ሻወሩን እስከ መጨረሻው ከፈትሁት። ቀዝቃዛ የሚባለው ውኃ ሳይቀር ጣሪያ ላይ ካለው ታንከር ግሎ ነው የሚወርደው። ላቤ በጀርባዬ እየወረደ «አይሰሙም እንዴ አባዬ? ጎርፍ ነው እኮ!» አልኋቸው።

«ይሰማኛል» አሉ። «ተመስገን። ይሰማኛል።»

አብራኝ የምትኖረው የወሎ ልጅ በሩን ደበደበችው። «ምን ነካሽ? ውኃውን እኮ ጨረሽው!»

«ለአባቴ እያዘነብሁ ነው።»

«በይ እንግዲህ፣ እግዜር ሆነሻላ!»

በየዓርቡ አዘነብሁ። ሁለት ክረምት ሙሉ፣ አንድም ቀን ሞቀኝ የሚል ቃል ከአፌ ሳይወጣ።

አገሬ የተመለስሁት በሐምሌ ነው። በማግስቱ ከአባቴ ጋር ቤት ውስጥ ተቀምጠን ዝናቡ ቆርቆሮውን ይወቅጠዋል፤ እርጥብ አፈር ይሸታል። አባቴ የቀንበሩን ጠፍር እያጠበቁ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ፣

«ያንቺ ዝናብ ነጎድጓድ አልነበረውም» አሉኝ።

«ምን አሉ አባዬ?»

«ዝናብ ይበረታል፣ ይላላል፣ ያርፋል። ያንቺ ከሰላምታ እስከ ስንብት እኩል ነው። የቦኖ ውኃ ድምፅ የማላውቅ መሰለሽ?»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድሁ። «ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«በመጀመሪያው ዓርብ ማግሥት ቀዩን በሬ ገበያ አወጣሁት። ገዢ አግኝቼ ገመዱን ላስረክብ ስል፣ ይቺ ልጅ እኮ ውኃ ከፍታ የምትዋሸኝ ይኸን በሬ እንዳልሸጠው ብላ ነው አልሁ። ብሸጠው አሸነፍሁሽ ማለት ነው። እየነዳሁ ተመለስሁ።» ጠፍሩን አንዴ ሳብ አደረጉት። «ከዚያ ወዲያ ዓርብ በመጣ ቁጥር፣ ዛሬስ ውኃውን ትዘጋና ሞቀኝ ትለኛለች እያልሁ ስጠብቅ ነበር።»

አሁን ሳስበው፣ ያኔ ሁለት ቃል ብናገር ምን ነበረበት? ግን አንገቴ መች ይታጠፍና!

«አልሞቀኝም» አልኋቸው፣ ዓይናቸውን እያየሁ።

ትከሻቸው እስኪነቀነቅ ሳቁ። «እሺ፣ አልሞቀሽም» አሉኝ።

አባቴ ካረፉ ሦስተኛ ክረምታቸው ነው። እኔ አሁን ደብረ ማርቆስ እኖራለሁ። ዓርብ ከሰዓት ዝናቡ ቆርቆሮዬን ሲደበድብ ቆይቶ ላላ ሲል፣ ያቺን የሚያርፍባትን ጊዜ ጠብቄ እናገራለሁ። ቤት ውስጥ ማንም የለም። አልተሸነፍሁም፣ ዛሬም አልተሸነፍሁም። ግን ሞቆኝ ነበር፣ አባዬ። በጣም ሞቆኝ ነበር።