የዳቦ ቤቱ ወፍራም ፊደላት

አክስቴ ከአረብ አገር ተመልሳ መካነ ሰላም ላይ ዳቦ ቤት ልትከፍት ስትነሳ፣ እኔ ከዩኒቨርሲቲ ለክረምት እረፍት መጥቼ ነበር። ከመናኸሪያው ወደ ላይ ሌሎች ዳቦ ቤቶች ስለነበሩ፣ ከሚኒባስ የሚወርደው ሰው የእሷን ሳያይ እንዳያልፍ ትሰጋ ነበር።

«ከሩቅ የሚጣራ ጽሑፍ ጻፊልኝ» አለችኝ።

ሰው ፊት መናገር አልወድም። በእኔ ፋንታ የሚጣራ ነገር መሥራት ግን ደስ አለኝ።

ያኔ በከተማችን ታፔላ የሚጻፈው በእጅ ነበር፤ የፊደሉ ጫፍ የሾለ፣ ከጎኑ ጥላ ያለው። እኔ ግን በዩኒቨርሲቲው ኮምፒውተር ያየኋቸው ወፍራምና ድቡልቡል የፈረንጅ ፊደላት ከዓይኔ አልጠፉም። የእኛንም እንደዚያ ላወፍራቸው ፈለግኩ። ለየማዕዘኑ የሻይ ብርጭቆ ደፍቼ በእርሳስ ዞርኩት፤ የ«ቤ»ን ቀለበት ቀለሙ እንዳይደፍናት ሰፋ አደረግኳት። ከዚያም ባለሁለት መዝጊያው የብረት በር ላይ፣ በአንዱ «ዳቦ»፣ በሌላው «ቤት» ብዬ በቀይ ቀለም ሞላኋቸው።

«ወላሂ፣ እነዚህስ እርሾ ገብቶባቸዋል!» አለች አክስቴ።

የገበያ ቀን ማለዳ በሩን ወደ ውጭ ከፍታ መዝጊያዎቹን ከግድግዳው ጋር አጣበቀቻቸው። ፊደሎቼ ወደ ግድግዳው ዞረው ጠፉ። ከመንገድ የሚታየው ባዶው የበሩ ጀርባ ብቻ ሆነ። ስጽፍ የሰነበትኩት በሩ ተዘግቶ ስለነበር፣ ሲከፈት ምን እንደሚሆን ሁለታችንም አላሰብንም።

ከሚኒባስ የወረዱት አልፈውን ወደ ላይ ወጡ። ፊቴ ጋለ።

አክስቴ ጥቂት አሰበችና ጽሑፉ እንዲታይ፣ እኛ ውስጥ እንዳለን በሩን መልሳ ዘጋችው። ብዙም ሳይቆይ ተንኳኳ። በቀዳዳው ሳይ ዘንቢል የያዙ አሮጊት ናቸው።

«ዳቦ የለም እንዴ ልጆቼ?»

«አለ እማማ! ጽሑፉን አይተው ሲጨርሱ እከፍትልዎታለሁ!» አለች አክስቴ።

«እኔ መች ፊደል ቆጠርኩና! ዳቦ የሳላችሁ መስሎኝ እኮ ነው የመጣሁት።»

አክስቴ እየሳቀች ከፈተችላቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«በይ የኔ ዓለም፣ ብሩሽሽን አምጪ። ጀርባውንም ጻፊው።»

«አሁን? ሰው ሁሉ እያየኝ?»

«ታዲያ ስከፍት ስዘጋ ልዋል?»

ብርጭቆዬን ይዤ ወጣሁና ለገበያተኛው ጀርባዬን ሰጠሁ። ከጭነት መኪና ላይ እህል የሚያወርድ ሰው ጮኸ፦

«እህት፣ እንዳታቀጥኚው! የምንገዛው ዳቦ ነው!»

ሰው ሳቀ። እኔም ፊቴን ከበሩ ሳላነሳ ሳቅኩ። ደግሞም አላቀጠንኩትም።

«ቤት» ሳይደርቅ ዳቦው አለቀ። ከሚኒባስ የወረዱ ሴቶች ግን ፊደሉን እያዩ በቀጥታ ወደ እኛ መጡ። አክስቴ ጓዳ ነበረች።

«አልቋል!» አልኳቸው ጮክ ብዬ፣ ቀለም በነካው እጄ በሩን እያሳየሁ። «ለዛሬ የቀረን ይሄ ብቻ ነው። ነገ በጠዋት ኑ!»

አክስቴ ከጓዳ ብቅ ብላ፣ የጮኸው ማን እንደሆነ ለማየት ዙሪያዋን ቃኘች።