የአለሙ እንስራ

በንጉሡ ጊዜ ንፋስ መውጫ ከተማ አንድ የብረት ሥራ ቤት ከአለሙ ጋር እሠራ ነበር። ለቤተ ክርስቲያን በር የመጣው አዲስ ላሜራ ጥቁር ቅርፊቱ ካልተፋቀ ቀለም አይይዝምና፣ ድርሻ ድርሻችንን በመሮ እንፍቃለን። ጣቴ ይደማል።

ባለቤቴ ግን በየማለዳው በጓሮ መጥታ ለአለሙ እንስራ ታቀብለዋለች። እኔ ጠላ ስጠይቃት መልሷ፣ «ጠላው አልደረሰም» ነው። እንቅልፍ አጣሁ።

አንድ ቀን እንስራውን ነጠቅሁት። «ሚስቴ የጠመቀችውን እስቲ እኔም ልቅመስ!» ብዬ ተጎነጨሁ።

«ኧረ አያ ካሴ፣ አተላ ነው!» ብሎ ጮኸ። ከጓሮው ጉድጓድ በአተላ የተዘፈዘ ላሜራ አውጥቶ በጨርቅ ቢያብሰው፣ ቅርፊቱ ተገፈፈ። ጠርዙ ላይ የእኔ ምልክት አለ።

«የእርስዎ ድርሻ ነው። እትዬ ናቸው ‹እጁ አለቀ፤ ብነግረው አተላ የአህያ ነው ይለኛል፤ ደብቀህ ዘፍዝፍለት› ያሉኝ።»

አተላው ገና ከአፌ አልወረደም ነበር።