በፊርማዬ ሰነፍ የተባለው ውሻ

ውሸት መሆኑን እያወቃችሁ የተነገራችሁን እንዳለ ጽፋችሁ ታውቃላችሁ? እኔ፣ መምህር ሆኜ፣ ባለፈው ጥቅምት ደባርቅ ላይ ጽፌያለሁ። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

በተከራየሁበት ግቢ መከታ የሚባል ያረጀ ውሻ አለ። ሲጠሩት ቶሎ ስለማይነሳ አከራዬ ጋሽ አዱኛ በከዘራ ይመቱታል። አንድ ቀን፣ «የሰነፍ ቀላቢ አይደለሁም፤ ቅዳሜ በጭነት መኪና ሊማሊሞን አሻግሬ እጥለዋለሁ» አሉ።

መጀመሪያ ሐኪም ይጠየቅ ብዬ ለመንኳቸው። ዳባት የሚሠራ የእንስሳት ሐኪም ጓደኛዬ መጠይቅ ላከልኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ውሻ የት እንዳመመው አይናገርም፤ የቆየ የመገጣጠሚያ ሕመም ደግሞ ሁልጊዜ አያስጮኸውም። ስለዚህ አብሮት የሚኖር ሰው ይጠየቃል። ከተኛበት ሲነሳ ይቸገራል? ደረጃ ይወጣል? በብርድ ይብስበታል?

እኔም እንደ ወጉ አባወራውን ጠየቅሁ። ለሁሉም መልሳቸው አንድ ነበር፤ «ደህና ነው፤ ስንፍና ነው እንጂ።» መከታ ለመነሳት ሲፍጨረጨር እያየሁት «ችግር የለበትም» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። ቅጹ የባለቤቱን መልስ ጻፍ ይላላ! ስሜን ጽፌ ፈረምሁ።

ጋሽ አዱኛ ወረቀቱን ወስደው ለጎረቤት አሳዩ። «ይኸው፣ መምህሩ ራሱ ፈርሞበታል» አሉ። ያን ቀን መከታን ሁለት ጊዜ መቱት።

ዓርብ ማለዳ የጋሽ አዱኛን ሚስት እትዬ ጥሩን ከውሻው ጎን ተንበርክከው አገኘኋቸው። እጃቸውን ከሆዱ ሥር አስገብተው ያነሱታል። ዘወትር ጠዋት እንዲህ እንደሚያደርጉ፣ ደረጃ እንዳይወጣም ምግቡን እታች እንደሚያወርዱለት ነገሩኝ። ታዲያ ለምን ዝም እንዳሉ ጠየቅኋቸው።

«አንተስ መቼ ጠየቅኸኝ፣ መምህር? እዚያው ቆሜ ነበር እኮ።»

አፈርሁ። አዲስ ቅጽ አውጥቼ እሳቸውን እየጠየቅሁ ሞላሁ። ጓደኛዬ መልሱን በስልክ ሲሰማ ከሰዓት በኋላ መጣ። የኋላ እግሮቹን አጥፎ ሲዘረጋቸው መከታ አቃሰተ። ከቆየ ሕመም ጋር ሲኖር እንደነበረ ነግሮን ማስታገሻ ሰጠው። የቅዳሜው ጉዞ ቀረ።

ጋሽ አዱኛ፣ «ቢያመው አይጮህም ነበር?» አሉ። በእሳቸው ተናድጃለሁ። ከሁሉ ይልቅ የምናደደው ግን አጠገቤ የቆሙትን፣ ነገሩን የሚያውቁትን ሴት ሳልጠይቅ በፈረምሁት በራሴ ነው።

እናንተም ያረጀ ውሻ ካላችሁ፣ ነገ ማለዳ ሳትጠሩት ራቅ ብላችሁ ሲነሳ እዩት። ከዚያ በየቀኑ የሚያበላውን ሰው ጠይቁ። እባካችሁ፣ ዱላ ከማንሳታችሁ በፊት ሞክሩት።