ካርታ የታተመበት የዳቦ ቆሎ ከረጢት

ቡራዩ ውስጥ ዳቦ ቆሎ አሽጎ የሚያከፋፍል ትንሽ ቤት ውስጥ ተቀጥሬ ስሠራ አንድ ከባድ ኃላፊነት ተጣለብኝ፤ ፌስታልን የሚተካ ማሸጊያ መምረጥ። አሠሪያችን ስልጠና ውለው ሲመለሱ «ከእንግዲህ የምናሽግበት ነገር ሰው የማይጥለው፣ መልሶ የሚገለገልበት መሆን አለበት» አሉኝ። ውጭ አዲስ አበባን ወደ ገበሬው መሬት ያሰፋል የተባለውን ማስተር ፕላን የሚቃወም ወጣት መንገድ ይዘጋል፣ ታክሲ ይጠፋል፤ እኔ ካርቶንና የኮባ ቅጠል ጎን ለጎን አስቀምጬ የትኛው ቀድሞ እንደሚበላሽ እመዘግባለሁ። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ያኔ ግን ኩራት ይሰማኝ ነበር።

ኮባው በሦስተኛው ቀን ሸተተ። ካርቶኑ ዘይቱን ጠጣው። በመጨረሻ መርካቶ በኪሎ የሚሸጥ፣ በአንድ ወገኑ ብቻ የታተመ ሰፋፊ የቢሮ ወረቀት አገኘሁ። ዳቦ ቆሎው በንጹህ ስስ ወረቀት ይጠቀለላል፤ የቢሮው ወረቀት ተቆርጦ ከላይ ከረጢት ይሆናል፣ የታተመው ወገን ወደ ውስጥ። ትእዛዜ ይኸው ነበር። ከረጢት የሚያጣብቁት ሴቶች ግን ባለቀለሙ ወገን አሳዘናቸው። «እንዲህ የሚያምር ነገር እንዴት ይደበቃል?» ብለው ገለበጡት። የሚያምረው ነገር ካርታ ነበር። ምሳ በልቼ ስመለስ ከረጢቱ ለየሱቁ ተከፋፍሏል።

በዚያ ሰሞን፣ በቡራዩ፣ ካርታ። ሱቆቹን በድንጋይ እናስደበድባቸዋለን ብዬ ፈራሁ። የሆነው ግን ሌላ ነው፤ ዳቦ ቆሎው በሁለት ቀን አለቀ። ሰው ማስተር ፕላኑ መስሎት ዳቦ ቆሎውን ለልጆቹ ሰጥቶ ከረጢቱን በጥንቃቄ ይፈታና ከጎረቤቱ ጋር ይገጣጥም ጀመር። ወንዙን ያገኙ መንገዱ ሲጎድላቸው ተመልሰው ይገዛሉ። አሠሪያችን ፊታቸው በራ። «አየሽ፣ አንድ ሰው እንኳ አልጣለውም» አሉኝ። እኔ ጥጉ ላይ የተጻፈውን አንብቤ ነበር፤ ከእኛ በጣም የራቀ የአንድ ቆላ ከተማ የውሃ ቧንቧ ፕላን ነው።

በሳምንቱ ከቤታችን ጀርባ የሚያርሱት ሽማግሌ፣ ሁላችንም ኦቦ የምንላቸው፣ የተገጣጠመ ወረቀት ጠቅልለው መጡ።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ» ብዬ በኦሮምኛ ሰላም አልኳቸው።

«ነጋ፣ ነጋ፤ ሰላም ነው። ልጄ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ። ጤፍ የምዘራበት መሬት የትኛው ቀለም ላይ ነው?»

«ኦቦ፣ ይሄ እኮ የእኛ አገር አይደለም። የሌላ ከተማ ቧንቧ ነው። ጥፋቱ የኛ ነው፣ ይቅር ይበሉን።»

አልሄዱም። ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግተው እጥፋቱን በመዳፋቸው አቃኑት።

«አንዱ መሬትህ ይወሰዳል ይለኛል፣ ሌላው አይወሰድም ይለኛል። እስከ ዛሬ ወረቀት ዘርግቶ እዚህ ነህ ያለኝ የለም። እባክሽ አሳዪኝ።»

ጣቴን የሰው አገር ቧንቧ ላይ አሳርፌ «እዚህ» አልኳቸው። አጎንብሰው ብዙ ጊዜ አዩት።